በጀርባው አስተኝቶ መጫን ውሻ አያሠለጥንም

ወንድሜ፣ ከመንገድ ያነሣው ውሻ ሰው ባየ ቁጥር ገመዱን እየጎተተ ይጮኻል ላለው ልጅ፣ «በጀርባው አስተኝተህ ጫነው፤ ተኩላም አለቃውን የሚያውቀው እንዲህ ነው» ብለህ መልሰሃል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስሕተት ነው።

የአለቃው ወሬ ሥር የያዘው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል እ.ኤ.አ. በ1947 ካሳተመው ጥናት ነው። ያያቸው ተኩላዎች አጥር ውስጥ የታጎሩ ነበሩ። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜክም በ1970 መጽሐፉ ሐሳቡን አስፋፋው። ኋላ ግን ተኩላዎቹን በዱር ሲከታተል፣ «አለቃ» የተባሉት እናትና አባት፣ ተከታዮቹም ልጆቻቸው ሆነው አገኛቸው፤ በ1999 ራሱን አረመ። ደራሲው የተወውን እኛ ይዘን ቀረን!

እንዲህ ያለ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ፈርቶ ነው። ስትጫነው ዝም ይል ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ሲያጉረመርም ከተቀጣ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መንከስ ሊጀምር ይችላል። ፊትህን አፉ አጠገብ አድርገህ መሞከሩንማ ተወው።

ልጁ ይህን ይሞክር፦ ውሻው ሰውን እያየ የማይጮኽበት ርቀት ላይ ይቁም። ሰው ብቅ ሲል ቁራጭ ሥጋ ያጉርሰው፣ ሰውየው ሲሰወር ማጉረሱን ያቁም። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ሥጋ። ከጮኸ ተጠግተዋል ማለት ነው፤ ሳይቆጣ ወደ ኋላ ይመለስ። ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይወስዳል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ከሆነ ግን ሕመም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው።