«እኔን!» ከምትሉኝ ድንጋዩን አንሱልኝ

ደሴ ላይ በእግር መሄድ ምርር ብሎኛል። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ ድረስ መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሚኬደው። ሰው ሰላም ለማለት ቀና ያልክ እንደሆነ አለቀልህ።

የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋ ተራግፏል። ጠጠር ተከምሯል። የቦዩ ክዳን ከተነሳ ቆይቷል፣ የመለሰው የለም። ኮብልስቶኑ ለውሃ መስመር ይቆፈርና ሲመለስ ግማሹ ይሰምጣል፣ ግማሹ ቀና ብሎ ይቀራል። ባለሱቁም ዕቃውን ደጅ ድረስ ዘርግቷል። መሄጃ ስታጣ አስፋልት ትገባለህ፣ እዚያ ደግሞ ባጃጁ አለ። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ያለች ናት፤ ቁልቁለት ላይ እንቅፋት የመታው ሰው እንደ ሜዳው ተንገዳግዶ አይተርፍም፣ ተንደርድሮ ነው የሚደፋው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ይጨመርበታል። መብራት የጠፋ ማታማ አይወራ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ነገሩን የገድ ጉዳይ ማድረጋችን ነው። እንቅፋት ሲመታን መጀመሪያ የምንጠይቀው ቀኝ ነው ግራ ብለን ነው። አንዱ የቀኙ ይቀናዋል፣ ሌላው የግራው። የማይቀናው እግር ከሆነ ከመንገዱ የሚመለስም አለ። ይሁን፣ የአባት የእናት ወግ ነው፣ አልነቅፍም። የገጠሩን ድንጋይ ማንም አላመጣውም፣ እዚያው የነበረ ነው። የከተማው ድንጋይ ግን በሲኖ ተጭኖ የመጣ ነው። ያስጫነ ሰው አለው። ያራገፈ ሰው አለው። አይቶ እንዳላየ ያለፈ ደንብ አስከባሪም አለው። ይኼ ምኑ ነው ገድ?

በቀደም አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ከገበያ ሲመለሱ ግማሽ ከተሠራ ሕንፃ ሥር ተቆርጦ የቀረ ፌሮ መታቸው። ከመሬት ጣት የማታህል ብቅ ያለች ናት። ቲማቲሙ ቁልቁል ተንከባለለ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተነሳ፣ ኮንጎ ጫማቸው ውስጥ ደሙ ሞላ። ሰፈሩ በሙሉ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አለ። «አብሽሩ እማ» ብሎ አንዱ ውሃ አመጣ፣ አንዷ ከሻሿ ቀድዳ አሰረችላቸው፣ ልጆች ቲማቲሙን ለቀሙ። ወላሂ እንደ ወሎ ሰው የሚያዝን የለም። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። ፌሮዋ እዚያው ናት። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ምን አለ መሰላችሁ? «ይቺ ፌሮ እኮ ስንቱን ሰው መታች!»

ያውቃል! ጠዋት ማታ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰው ሲወድቅ ያያል። ሮጦም ያነሳል። በመዶሻ አጥፎ መሬት ማስያዝ ግን አልመጣለትም። ሕንፃው የእሱ ስላልሆነ አይመለከተውም። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ በዚያ በእግሩ አያልፍም።

እኛ እኮ ሰበብ የለንም። ሙስሊሙ ከመንገድ ላይ ሰው የሚያውክን ነገር ማንሳት ሶደቃ እንደሆነ፣ ከኢማን ቅርንጫፎችም አንዱ እንደሆነ ከልጅነቱ የሰማው ሐዲስ ነው። ክርስቲያኑም ዘሌዋውያን 19፥14ን ይክፈት፤ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታድርግ ይላል። በሁለቱም በኩል ተነግሮናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። ግን ሕንፃው በር ላይ መወጣጫ ቢሠራለት በዊልቸር ያለ ሰው እስከዚያ በር በምን ይደርሳል? በዱላው መንገድ የሚፈልግ ዓይነ ስውር የተከፈተ ቦይ ፊቱ እንዳለ ማን ይነግረዋል? ነፍሰ ጡሯስ፣ ልጅ ያዘለችዋስ፣ ጀሪካን የተሸከመችዋስ? መሬት መሬቱን እንዲያዩ የሚፈረድባቸው እስከ መቼ ነው?

መዘጋጃው ይሥራ፣ ግብር የምንከፍለው ለዚህ ነው። አሸዋ የምታራግፉ ሰዎች ግን እናንተን በተለይ እለምናችኋለሁ። ቤት መሥራት ደስ ይላል፣ አላህ ያስፈጽማችሁ። አንድ ሰው የሚያልፍበት ያህል ብቻ ተዉልን። የተረፈውን ጠጠር ሥራው ሲያልቅ አስነሱት። ፌሮውን ከሥሩ አስቆርጡት። ቦይ የከፈታችሁ ሳትዘጉ ለምሳ አትሂዱ፤ መዝጋት ካልቻላችሁ ዙሪያውን እንጨት ትከሉና ነጭ ማዳበሪያ እሰሩበት፣ በጉምም በጨለማም ከሩቅ ይታያል።

ባለሱቁ ወንድሜም፣ ይህን ካነበብከው፣ መዶሻ ከሌለህ እኔ ይዤ እመጣለሁ።