«የጽድቅ ሥራ ነው» እየተባለ የሚቀር ክፍያ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ፣ በኪራይ ቤት በተከፈተ የግል የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ 2 ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ወይም ሥራ አላፈናፍን ያላቸው እናትና አባቶች በየወሩ እየተከፈለላቸው የሚጦሩበት ነው።

ሌሊት ተረኛዋ አንድ ነች፤ አረጋውያኑ 11። አምስቱ ከአልጋ አይነሱም። ተኝቶ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው አንዲት እማማ ነበሩ። እሳቸውን ማገላበጥ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ግን አንሶላውን ክንዴ ላይ ጠቅልዬ፣ ጉልበቴን አልጋው ላይ አስደግፌ ወደ ራሴ እጎትታቸዋለሁ። «ወገብሽን ልጄ፣ ተይኝ ይቅር» ይሉኛል። አንድ ሰሞን ዳሌያቸው ቀላ፤ ከዚያ ቆዳው ተላጠ። ቤተሰብ መጥቶ ሲቆጣ ጥፋቱ የተረኞቹ ሆነ። ለ11 ሰው አንድ ሰው የመደበውን ማንም አልጠየቀውም።

ጓንት ተቆጥሮ ይሰጠናል። የተራ ፕሮግራም ማታ በቴሌግራም ይመጣል፤ እረፍት ነሽ የተባለችው ንጋት ላይ ትጠራለች። ተተኪዋ ታክሲ አጥታ ካረፈደች ያደረችው እዚያው ትውላለች። የትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ መልሱ ሁሌም «ይሄ እኮ የጽድቅ ሥራ ነው፤ እግዜር ይከፍላችኋል» ነው።

ጽድቅነቱን አምናለሁ። እማማን አጥቤ ስጨርስ የመረቁኝ ምርቃት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ግን ያ ምርቃት የእሳቸው ስጦታ ነው፤ አሠሪ ከደሞዝ ላይ ሊያቻችለው አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓትም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ተቆጣጣሪ የመጣው በቀን ነው፣ ያውም አስቀድሞ አስነግሮ። ያን ዕለት አዲስ ጋውን ለበስን፣ ሰውም ሞላ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሳይናገሩ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይምጡ። የተረኛ መዝገቡን ከደሞዝ መክፈያው ጋር ያመሳክሩ።

ወላጆቻችሁን የምታስገቡ ልጆችም ክፍሉንና አልጋውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ያደረችው ስንት ሰዓት ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ጠይቁ።