ማስተካከያ፦ የባውሃውስ የመስታወት ሕንፃ የት እና መቼ ተሠራ

ስለ ዘመናዊ ሥነ ሕንፃ አጀማመር ባለፈው ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ ባውሃውስ የተባለው የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ታዋቂ የመስታወት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ቫይማር ከተማ እንደተሠራ መግለጼ ስሕተት ነው። አርክቴክቱ ዋልተር ግሮፒየስ በዚያ ዓመት ቫይማር ላይ የመሠረተው ትምህርት ቤቱን ሲሆን፣ ትምህርቱም ይሰጥ የነበረው ቤልጂየማዊው ሄንሪ ቫን ደ ቬልደ ቀደም ብሎ በነደፈው ሕንፃ ውስጥ ነበር። የመስታወቱ ሕንፃ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ በ1925 በተዛወረበት በጀርመን ደሳው ከተማ ነው፤ የተመረቀውም በዲሴምበር 1926 ነው። ይህን ያረጋገጥኩት ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብና ከሥነ ሕንፃ ታሪክ መጻሕፍት ነው።

ስሕተቱ የቦታና የዓመት ብቻ አይደለም። ባውሃውስ ገና ሲጀመር በመስታወትና በኮንክሪት እንደተጀመረ አድርጌ ያቀረብኩት መከራከሪያ አብሮ ይወድቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሽመና፣ የሸክላና የእንጨት ሥራ ዓመታት ነበሩ፣ ራሱን የቻለ የሥነ ሕንፃ ክፍልም የተከፈተው በ1927 ነው። በደሳው የወርክሾፑ ክንፍ የኮንክሪት ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው ስለቆሙ፣ በማዕዘኑ ላይ መስታወት ከመስታወት ጋር ይገናኛል። ግሮፒየስና የሥራ አጋሩ አዶልፍ ማየር ግን ምሰሶ የሌለውን የመስታወት ማዕዘን ቀደም ብለው፣ ግንባታው በ1911 በተጀመረው በጀርመን አልፌልድ ከተማ ባለው፣ የጫማ መሥሪያ ቅርጾችን በሚያመርተው የፋጉስ ፋብሪካ ላይ ሞክረውት ነበር። ስለዚህ የዚህን አሠራር መነሻ የሚፈልግ አንባቢ ከትምህርት ቤቱ በፊት ወደዚህ ፋብሪካ መመለስ ይኖርበታል።