ምስጋና ለመጥበሻው ዘበኞች

ፓኤያ የሚባለው የሩዝ ምግብ የተወለደባት የስፔኗ ቫሌንሲያ ሰዎች ባይኖሩ ዓለም ምን ይውጣት ነበር? እኛ ስንተኛ እነሱ ነቅተው ያድራሉ። ለንደን ውስጥ አንዱ ሩዙ ላይ ቋሊማ ጣል ሲያደርግ ሽታው ስፔን ድረስ የሚሄድ ይመስለኛል። ወዲያው ስልክ ይነሳል። "ይሄ ፓኤያ አይደለም!" ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ነው ሰው እፎይ የሚለው። ስፔን ለዛሬም ተረፈች።

2016 ላይ የሆነውን አስታውሱ። እንግሊዛዊው ምግብ አብሳይ ጄሚ ኦሊቨር የዶሮ ሥጋና ቾሪዞ የገባበት ፓኤያ ሠርቶ ትዊተር ላይ ለጠፈ። ቾሪዞ ቀይ የአሳማ ቋሊማ ነው፤ ያውም የስፔኖቹ የራሳቸው። ሰውየው ግን መርከብ አሰልፎ የመጣ ወራሪ ነው የመሰለው። ስድቡ እንደ በረዶ ወረደበት። አንዱማ ቋሊማውን አውጣ፣ እኛ ከአሸባሪ ጋር አንደራደርም ብሎ አስጠነቀቀው። ጄሚ በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ በቋሊማ ምክንያት የግድያ ዛቻ እንደደረሰው ተናግሯል። እንዲህ ያለ ንቃት የሚያስቀና ነው። እኔ ሰፈር ሌባ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ነቅሎ ሲሄድ እንኳ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

የስልኳ ሥዕልም አላመለጠቻቸውም። በዚያው ዓመት አፕል የፓኤያ ኢሞጂ ሲያዘጋጅ፣ በሙከራው ቅጂ ላይ ሽሪምፕና አተር አድርጎበት ነበር። የጥፍር ያህል በምታክል ሥዕል ላይ ማን አተር ይቆጥራል? እነሱ ቆጠሩ። ሥዕሉም በዶሮና በፎሶሊያ ተቀየረ። ሰላም ወረደ።

ሕጉ እኮ አስቸጋሪ አይደለም። አሥር ነገር ነው፦ ሩዝ፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው፣ ሳፍሮን የሚሉት ቢጫ የሚያቀልም ቅመም፣ ቲማቲም፣ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ጠፍጣፋ ፎሶሊያ፣ ጋሮፎ የሚሉት ትልቅ ነጭ አደንጓሬ። በቃ። ሽንኩርትስ? አፍህን ያዝ! ሽንኩርት ሩዙን ያላሽቀዋል ይላሉ። ያለ ሽንኩርት ድስት ለማይጥድ ለእኛ አገር ሰው ይሄ ብቻውን ፈተና ነው። ጥንቸሏንማ ተዋት። ብዙው የኛ ሰው ትክክለኛው ፓኤያ በጥንቸሉ፣ የተሳሳተው በአሳማው ይቀርበትና ከክርክሩ በነፃ ይሰናበታል።

ደግሞ ጨካኞች አይደሉም። በአንዳንድ መንደር ቀንድ አውጣ ይገባበታል፤ ባህል ነው። ዳክዬም ይገባል፤ ባህል ነው። አርቲቾክ የሚሉት አትክልትና የጥብስ ቅጠልም እንደ አካባቢው ይፈቀዳሉ። ድሮ በአልቡፌራ ሐይቅ ዳር ሩዝ የሚያርሱ ሰዎች የውሃ አይጥ ይጨምሩበት ነበር። አይጧ ዛሬ በክብር ታሪክ ውስጥ ገብታለች። ቋሊማው ግን ፍርድ ቤት ቆሟል።

ከሁሉ የማደንቅላቸው የዘር ቆጠራውን ነው። ከባዕድ ያልተነካካ፣ ጥርት ያለ የአገር ምግብ! እስቲ እንቁጠረው። ሩዙን ያስፋፉት ዓረቦች ናቸው። ስፔኖች "አሮስ" የሚሉት ከዓረቦቹ "አር-ሩዝ" ወስደው ነው፤ የኛም ሩዝ ከዚያው ቤት ነው የመጣው። የሳፍሮን ስምም ዓረብኛ ነው። ቲማቲሙ፣ ፎሶሊያውና ጋሮፎው ከአሜሪካ ናቸው፤ ኮሎምበስ በ1492 ባሕር ባይሻገር አንዳቸውም መጥበሻው ውስጥ አይገቡም ነበር። የዶሮዋ ዘር ደግሞ ከእስያ ጫካ ነው። የምድሪቱ እውነተኛ ባለርስት ጥንቸሏ ነች። እሷንም ከትፈው ጨመሯት።

የመጀመሪያው ገበሬ ያንን እንግዳ ቀይ ፍሬ ሩዙ ላይ ሲጨምር ጎረቤቱ ትዊተር ስላልነበረው እግዜር ይመስገን።

ስሙም ቢሆን ኩራት ነው። ፓኤያ ማለት መጥበሻ ነው። ቃሉ በቫሌንሲያ ቋንቋ የዕቃው ስም ነው፤ ሥሩ "ፓቴላ" የሚለው የላቲን ቃል ነው። ምግቡ ስሙን ከዕቃው ወሰደ፣ እኛ ሸክላ ጥብስ እንደምንለው። አንዳንዱ ግን ይሄ አይበቃውም። አንድ ወንድ ለፍቅረኛው ሲሠራ "ለእሷ" ብሎ ነው የሰየመው ይላል፤ በስፔንኛ "ፓራ ኤያ"። ፍቅረኛዋ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። መጥበሻ ከምትባል ፍቅረኛ መባል ይሻላል፣ አይደል?

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። አሠራሩ ደስ ይላል። እሳቱ የብርቱካን እንጨት ነው። መጥበሻው ሰፊና ጎድጓዳ ያልሆነ ነው፣ ሩዙ በስሱ እንዲነጠፍ። ሩዙ ከገባ በኋላ አይማሰልም። ስለዚህ ታቹ ይይዝና ወርቃማ ሆኖ እርር ይላል። ሶካራት ይሉታል። እኛ ቤት አረረ ተብሎ የሚያስቆጣው እዚያ የሚሻሙበት ነው። እሁድ ቀን ዘመድ ይሰበሰባል፣ መጥበሻው መሐል ይቀመጣል፣ ሁሉም በእንጨት ማንኪያ ከፊቱ ከፊቱ ይበላል። ከሰው ፊት መዝገን ነውር ነው። እዚህ ጋ ከእናቴ ጋር ይግባባሉ።

2021 ላይ የቫሌንሲያ መንግሥት ፓኤያን የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ አወጀው። የአዋጁ ርዕስ ምን ይላል መሰላችሁ? "አንድ የማድረግና የመጋራት ጥበብ"። ጄሚ ኦሊቨር ይህን ያነበበ እንደሆነ ደስ ብሎት ያለቅሳል።

አንድ ነገር ብቻ በሹክሹክታ። ሳፍሮን ውድ ነው። ብዙ የስፔን ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቢጫ የምግብ ቀለም በትንሽ ዕቃ ተቀምጧል። ለሕግ አስከባሪው ጓዳ ግን ፈታሽ አይላክም፤ ነውር ነው።

የእነሱን ሕግ ያልጠበቀ ሰሃን ሲመጣ አንድ የስድብ ስም አላቸው፦ "አሮስ ኮን ኮሳስ"። በአማርኛ ሩዝ ከነገር ጋር ማለት ነው። ስፔኖቹ ያሰቡት ዝባዝንኬውን ነው። አማርኛችን ግን ሳያስበው እውነቱን ተናገረ።

እሁድ እኔም ልሠራ ነው። ጾም ስለሆነ ዶሮ የለም። ካሮት አለ። ሽንኩርትማ ሁለት ራስ ከትፌያለሁ። መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ፎቶም አላነሳም። ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሩዝ ነው እላለሁ። ነገሩን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።