ማስተካከያ፦ የዳሎው አውሮፕላን ጅቡቲ አልደረሰም

ባለፈው ስለ ዳሎ አየር መንገድ በረራ ስጽፍ «10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቦምብ ፈንድቶበት ጅቡቲ በሰላም አረፈ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ321 አውሮፕላኑ ከሞቃዲሾ ተነስቶ ገና ሽቅብ እየወጣ ሳለ ነው ፍንዳታው የደረሰው። ያረፈውም ተመልሶ እዚያው ሞቃዲሾ ነው።

የከፍታው ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። አውሮፕላን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳው እየተተረተረ አውሮፕላኑን ሊገነጥለው ይችል ነበር። እዚህ ግን በቀኝ ጎኑ፣ ክንፉ አካባቢ፣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶ በዚያው ቆመ። ተሳፋሪ የቀረጸውን ቪዲዮ ያየ ሰው ያስታውሳል፤ የኦክስጅን ጭምብሎቹ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፣ ሰዉ ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል። እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

«አንድ ምስኪን ተሳፋሪ ሞተ» ያልኩትም ይታረም። በቀዳዳው የወጣው ቦምቡን ላፕቶፕ ውስጥ ደብቆ የገባው ሰውዬ ራሱ ነው። የቀሩት 80 ሰዎች፣ የበረራ ሠራተኞቹን ጨምሮ፣ ተርፈዋል። አልሸባብ ከቀናት በኋላ «እኔ ነኝ» ብሏል።