ትኩሳቱ «ኖርማል ነው» ተብለን ቤት ከገባን በኋላ

አጎቴ እዚህ ሜሪላንድ የጉበት ካንሰሩን በአብሌሽን (ዕጢውን በመርፌ በሚገባ ሙቀት በማቃጠል) ሲታከም ያስተረጎመችለት የ15 ዓመት ልጁ ነበረች። ዶክተሩ ትንሽ ትኩሳትና ድካም ይኖራል፣ ኖርማል ነው አሏት፣ እሷም ያንኑ ነገረችን፣ እኛም ያንን ይዘን ቤት ገባን። በ11ኛው ቀን ሲንቀጠቀጥ ታይሌኖል ሰጥተን ብርድ ልብስ ደረብንለት፣ ኖርማል ነው ተብለናላ! በማግስቱ ድንገተኛ ክፍል ስንወስደው ዕጢው የተቃጠለበት ቦታ መግል ቋጥሮ ተገኘ፣ በቱቦ ወጣለት፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ወሰደ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል።

ሕክምናውን እያጣጣልኩ አይደለም። ሆድ ሳይከፈት መርፌ ዕጢው ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ የካንሰሩ ሴሎች ወዲያው ይሞታሉ፣ በተለይ ከ3 ሴንቲሜትር ለማይበልጥ ዕጢ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጣሊያን ጥናት ከ2,320 ታካሚዎች ከባድ ችግር የገጠማቸው 2.2 በመቶ፣ የሞቱት ደግሞ 6 ናቸው ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ከ6ቱ ሁለቱ አንጀታቸው ተበስቶ ነው የሞቱት፣ አንጀት ደግሞ ሙቀት ሲነካው ሁሌ እዛው አይበሳም፣ ከቀናት በኋላ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። መግሉም እንደዛው ነው።

ስለዚህ «ትኩሳት ይኖራል» ብሎ መሸኘት አይበቃም ነው የምለው። የሚጠበቀው ትኩሳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥቶ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ከሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ሆዱ ከጠነከረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

አጎቴ ከዓመታት በፊት የሐሞት ቱቦው በኦፕሬሽን ከአንጀቱ ጋር ተገናኝቶለታል። እንዲህ ያለ ሰው ወይም ሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት (መንገዱን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቱቦ) ያለው ሰው፣ ባክቴሪያ ከአንጀት ወደ ጉበት ስለሚወጣበት መግል የመያዝ ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። ሐኪሞቹ ስለዚህ ኦፕሬሽን ጠይቀውት ነበር አሉ፣ ልጅቷ ግን «ሐሞት ቱቦ»ን በአማርኛ ከየት ታምጣው? የአሜሪካ ሕግ እኮ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም፣ ይሄን ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

በሚቀጥለው ወር ሲቲ ስካን አለው። አስተርጓሚ ከወዲሁ ጠይቀናል፣ የድሮው ኦፕሬሽን በወረቀት ተጽፏል፣ ልጅቷ የዛን ቀን ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች።