ሁሉም እንደ ድሮው አይመለስ

ጎንደር ውስጥ ሰው ቡና ላይ ከተቀመጠ «እንደ ድሮው በሆነልን» ሳይል አይነሣም። ምኞቱ ይገባኛል። መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባ፤ ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ፤ ወር ሳይሞላው ሮኬቱ የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሰዓት እላፊው ተከተለ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። አዋጁ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ የክልሉ ግጭት ግን ገና አልበረደም። ስለዚህ ጎንደሬ ወደ ለመደው ኑሮ የሚመለሰው አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንዱን ደጅ አድርጎ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሁሉን በጅምላ መልሱልን ማለታችን ነው።

ይመለስ ብዬ የምሟገትለት ምሽቱ ነው። አራዳ ያለ አንድ የጫማ ነጋዴ ገና ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጓጉንቸሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ደንበኛው ጫማ ሲለካ እርሱ መንገዱን ይቃኛል። ማዶ ያለው ሱቅ በሩን ሲጎትት ከሰማ፣ ጫማው ልክ ይሁንም አይሁንም «ነገ ና» ብሎ ይሸኛል። ዝጋ ያለው የለም። ማዶ ያለውም የሚዘጋው እርሱን እያየ ነው! ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ያተረፈ ጥንቃቄ ነው። ግን እየተያየ የሚዘጋ ገበያ እየተያየ ካልከፈተ ምሽት የሚባል ነገር አይኖረንም። ጣጣውን ለነጋዴው ብቻ መተውም አይገባም፤ የመንገድ መብራት በሌለበት ሰፈር ደፍሮ የሚያመሽ የለም፣ መብራት ማብራት ደግሞ የአስተዳደር ሥራ ነው።

በ2012 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ከራት በፊት ፒያሳ ወጥቶ መመለስ ለእርሱ ትዝታ አይደለም፤ አያውቀውማ። ይዘነው ካልወጣን ማን ያሳየዋል?

ከምሽቱ ጋር የልቅሶ ቤት ማምሸትም ይመለስ። በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው ድንኳን ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ሳይመሽበት ይሮጥ ነበር። ቆሎ እየቆረጠመ፣ ካርታ እየተጫወተ፣ አንዳንዴም ከቦታው ጋር የማይሄድ ቀልድ እየጣለ ሐዘንተኛውን የሚያስረሳው ጎረቤት ጠፋ። ሐዘንተኛው ከሐዘኑ ጋር ተፋጦ አደረ።

የተዝካሩ ድግስ ግን እዚያው በቀረበት ይቅር። መሰብሰብ በተከለከለባቸው ወራት አርባና ሰማንያው በፍትሐት፣ ለነዳያን በሚበቃ ዳቦና ጠላ አለፈ። ሟች የጎደለበት የለም፤ ቤተሰቡም ከዕዳ ዳነ። አሁን ደግሞ ድንኳኑ እየሰፋ፣ በሬው እየተጣለ ነው። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በአራጣ ብድር ተደግሶ፣ ጠግቦ የሚሄደው ቤቱ ያልጎደለበት እንግዳ ነው። የሰርጉም ነገር ከዚህ አይለይም፤ ሙሽሮቹ ከጫጉላ ሳይወጡ አበዳሪ ደጅ ይጠብቃቸዋል።

በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቀድመው እጅ አውጥተው የሚቃወሙኝን አዛውንቶች ከወዲሁ አውቃቸዋለሁ። ስብሰባውን ወደ ማታ አንድ ሰዓት እንመልሰው ብል ግን የሚደግፉኝ እነርሱው ናቸው።